ቅቤ ወተት ነው እንዴ?

ሲፈጥረኝ ደንጋጣ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ከኋላዬ ስልክ ሲጮህ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው በሩን በኃይል የሚዘጉ ባልደረቦች አሉኝ። ስለዚህ ልጄ ከተወለደች በኋላ ያየሁትን ሳወራ ሰው ሁሉ «አንቺ እኮ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ» ብሎ ሊያልፈኝ ይሞክራል። ግድ የለም፣ ይበል። ያን ጊዜ ግን የደነገጥኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ምንም አይበግራቸውም የምላቸው ሰው አጠገቤ በድንጋጤ ሲርዱ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣውም እሱ ነው።

የምንኖረው የካ ውስጥ ነው፤ ከሚኒባስ ወርደን የቀረውን ዳገት በእግር የምንጨርስበት ሰፈር። ባለቤቴ የተወለደው ከእኛ ቤት በላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። አባቱ ገበሬ ነበሩ። እርሻው ከተማ ሆኖ፣ እሳቸውም አርፈው፣ ለእናቱ የቀራቸው አንድ ግቢ፣ ጥቂት ባሕር ዛፍና አንዲት ላም ነው። አማቴ ከላሟ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከልጃቸው ጋር ሁለቱንም እያቀላቀሉ ያወራሉ። ከሦስታችን የምትታዘዛቸው ላሟ ብቻ ነች።

አጠር ያሉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ዳገቱን እኔ ሦስት ጊዜ ቆሜ ስወጣው እሳቸው እያወሩ ይወጡታል። ከሻሻቸው ሥር ፀጉራቸው ዘወትር በቅቤ የራሰ ነው። «ራሴ ቅቤ ካልጠጣ ይፈልጠኛል» ይላሉ። በሁዳዴ ብቻ፣ ለጾሙ ብለው፣ ፀጉራቸውንም ቅቤ ይነሱታል። ያኔ ግንባራቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው ፋሲካን ይጠብቃሉ። እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ ጾሙ አይመለከተኝም፤ በነዚያ ሳምንታት የሚነሳባቸው ቁጣ ግን ሃይማኖት ሳይለይ ለሁላችንም ይደርሰናል።

ልጄን ስወልድ እናቴ በሕይወት አልነበረችም። ቦታዋን አማቴ ማንም ሳይጠይቃቸው ያዙት። በየማለዳው ትኩስ የታለበ ወተት በትንሽ ጀሪካን ይዘው ቁልቁለቱን ይወርዱና፣ ገና ሳልነቃ ማእድ ቤቴ ውስጥ ሲንጎዳጎዱ እሰማቸዋለሁ። ገንፎው ይመጣል፤ መሀሉ ላይ ያለው ቅቤ ኩሬ ሠርቷል። አጥሚቱ ይከተላል፣ እሱም በወተት። ከዚያ ደግሞ ወተቱ ራሱ፣ በትልቅ ኩባያ።

«ጠጪ! ጡት የሚሞላው በወተት ነው። ላም እንኳ ሳትግጥ አትታለብም።»

«እኔ ላም ነኝ እንዴ እማማ?»

«ለጊዜው ነሽ» አሉኝ፣ ፈገግም ሳይሉ።

ጠጣሁ። እናት የሌላት አራስ እንዲህ ስትያዝ እንዴት እምቢ ትላለች? ከልቤ ወደድኳቸው። ፊቴም አበራ፤ ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ «አራስ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አማቴን ያመሰግን ነበር።

ያላበራው የልጄ ፊት ነው። ጉንጮቿ ቀልተው፣ ተሰነጣጥቀው፣ ውሃ ያዝላቸው ጀመር። እጇን ካላሰርኩት ፊቷን ትቧጭረዋለች። ጡት ጠብታ ሳትጨርስ ትገተራለች፣ ታለቅሳለች፣ የጠባችውን መልሳ ታወጣዋለች። ምክር ደግሞ በየበሩ ይመጣል። አንዷ ጎረቤቴ ምች ነው አለች። ሌላዋ ዓይን ነው አለች፤ ያየቻት ሴት እሷ ራሷ ብቻ መሆኗን ግን አላስተዋለችም። የጸሎት ጓደኞቼ መጥተው ጸለዩ። አማቴ ደግሞ «ቆዳዋ ደርቆ ነው» ብለው ጉንጯን ቅቤ አሹት። በማግስቱ ይበልጥ ቀላ።

አንድ ጠዋት ዳይፐሯን ስፈታ ደም አየሁ። ብዙ አይደለም፤ ከንፍጥ ጋር የተቀላቀለ ቀጭን ክር ነው። ክው አልኩ። እንደ ልማዴ መጮህ ሲገባኝ ድምፄ ጠፋኝ። ባለቤቴ ከሻወር ሲወጣ ዳይፐሩን በእጄ ይዤ እንደ ሐውልት ቆሜ አገኘኝ። በእኔ ጩኸት እንጂ በእኔ ዝምታ ደንግጦ ስለማያውቅ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ነው ሐኪም ቤት ይዞን የሮጠው።

ያገኘናት ሐኪም ወጣት ሴት ነች። ልጄን ገልጣ አየቻት፣ ክብደቷን መዘነች፣ ዳይፐሩንም ሳትጸየፍ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ «የላም ወተት አለርጂ ይመስለኛል» አለች።

«የላም ወተት? ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ከጡቴ ሌላ አንድ ጠብታ ቀምሳ አታውቅም!»

በልቤ ተናደድኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው ብዬ ቦርሳዬን ላነሳ ስል፣ «እሷ አልቀመሰችም፤ አንቺስ ምን ትበያለሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ኩባያውን፣ ማታ ማታ የምጨምረውን እርጎ። እየነገርኳት ፊቷ ላይ የማየው ነገር አላማረኝም። የምትጠጪው ወተት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ትንሽ ትንሹ በጡትሽ በኩል ይደርሳታል አለችኝ። የብዙ ሕፃን ሆድ ምንም አይለውም። የአንዳንዱ ሰውነት ግን ጠላት የመጣ መስሎት ይዋጋዋል፤ ጦርነቱ አንዱ ጋ በቆዳ፣ ሌላው ጋ በአንጀት ይታያል።

«ስለዚህ እኔ ነኝ የማሳምማት?»

«አንቺ አይደለሽም፣ ጡትሽም አይደለም። ጡት እንዳታቋርጪ! በጣሳ የምትገዥው የሕፃን ወተትም ቢሆን አብዛኛው የሚሠራው ከላም ወተት ነው። አንቺ ምግብሽን ቀይሪ። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ፣ አሬራ፣ ወተት የገባበት ዳቦና ብስኩት፣ ሁሉም ይቅር። ሥጋና እንቁላል መብላት ትችያለሽ። ከዚያ ውጪ በቃ፣ እንደሚጾም ሰው ብይ።»

«እኔ ጴንጤ ነኝ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደንግጬ ነው።

ሳቀች። «ግድ የለም፤ ወተቱም ሃይማኖትሽን አይጠይቅም» ብላ የካልሲየም እንክብል አዘዘችልኝ። ልትሸኘን ስትል ደግሞ ሳቋን ትታ አንድ ነገር ጨመረች። በጡት የሚደርሳት ጥቂት ነው፤ በቀጥታ የቀመሰች ቀን ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ሳያውቅ ለራሷ ምንም የወተት ነገር እንዳትሰጧት። እሺ አልን።

አሁን የቀረው ለአማቴ መንገር ነው። እኔ አልደፈርኩም። በየማለዳው ዳገት ወርዶ የሚያበላኝን ሰው «ያበሉኝ ነገር ልጄን አሳመማት» ብዬ በምን አፌ እናገራለሁ? ባለቤቴ ስልክ ደወለ፤ እሱ የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት።

«እማዬ፣ ልጅቷን ወተት አይስማማትም አሉ። . . . አዎ፣ የላም ወተት። . . . አይ፣ ያንቺ ላም አይደለችም፣ የማንም ላም ነው። . . . አልታመመችም ላምሽ፣ ማን ታማለች አለ? . . . እናቷም አትጠጣም፣ በጡት ይተላለፋል። . . . እማዬ፣ ሐኪም ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

በማግስቱ ጀሪካኑን ሳይዙ መጡ። ጎመንና እንቁላል ይዘው ነበር። ስለ ወተት አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ያለ ልማዳቸው እንደምን አደርሽ ብቻ ብለውኝ ጎመኑን መቀንጠስ ጀመሩ። ማታ ባለቤቴ «ተቀበለችው ማለት ነው» አለኝ፤ ሁለታችንም ቀለለን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ ድንጋጤ መጣ፤ ይኼኛው እንኳ መልካም ነው። ልጄን አጥቤ ፊቷን ሳደርቅ ጉንጯ ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየኋት። የማላውቃት ልጅ መሰለችኝ። ደሙ ጠፍቷል፣ ትውከቱ ቀርቷል፣ ጡት ጠብታ ዓይን ዓይኔን እያየች እጇን ታወዛውዛለች። እንግዲህ ያ ሁሉ ጊዜ ክፉው ነገር ከደጅ አልገባም፤ ከገንፎዬ መሀል ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሥራ ስመለስ የጾም በላተኛ ሆንኩ። ሁዳዴ ሲገባ ኑሮዬ ገነት ሆነ። ሾላ ሄጄ የፈለግኩት ምግብ ቤት ብገባ የጾም ሞልቷል፤ ኬኩም፣ ማኪያቶውም የጾም ነው። ከተማው ሁሉ ለልጄ ሲል ወተት የተወ ነበር የሚመስለኝ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሹክሹክታው ተጀመረ። አንዷ ባልደረባዬ ሽሮዬን አይታ «ተመለስሽ እንዴ? እልል በሉ!» አለች። ይህ ወሬ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ለጸሎት ጓደኞቼ ደረሰና ሁለቱ ተጨንቀው ቤቴ መጡ። ነገሩን ሳስረዳቸው አንዷ ደስ ብሏት «ታዲያ የፍየል ወተት አትሞክሪም?» አለችኝ። ሐኪሟን ደውዬ ስጠይቃት ጮኸችብኝ ማለት ይቻላል፤ የፍየሉ ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት አይለየውም አለችኝ።

ፋሲካ አለፈ። አሁን ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕም ዓርብም የማይጾምበት። ምግብ ቤት ገብቼ የጾም ስል አስተናጋጁ ፊቴን አየና «እህት፣ ጾሙ ተፈትቷል እኮ» አለኝ፣ ዜናው ያልደረሰኝ መስሎት። እንጀራዬን ከቤት ቋጥሬ መሄድ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን የአማቴ ላም ወለደች። ባለቤቴም ልጃችን የአባቷን ግቢ ያልረገጠች መሆኗ ይከነክነው ስለነበር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ይዘናት ወጣን። ያኔ መቀመጥ ጀምራለች፤ ያየችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች። ቀኑ ብሩህ ነበር። ከላይ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ እኔ እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ ቆምኩ።

አማቴ በር ላይ ጠበቁን። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው በፋሲካ ቅቤ ያብረቀርቃል። ልጅቷን ከእቅፌ ተቀብለው ለላሟ አሳዩአት፣ ለጥጃዋ አሳዩአት፣ ለባሕር ዛፉ አሳዩአት። በኦሮምኛ የሚሏትን አልሰማሁም፤ ግን ልጄ ቃል በቃል የገባት ይመስል ትስቃለች። እኔ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ ላጥብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እነሱ ወደ ውስጥ ገቡ።

ስገባ መጀመሪያ የቀደመኝ ሽታው ነው። ከዚያ የልጄን ራስ አየሁት። እርግብግቢቷ ላይ እንቁላል የሚያህል ለጋ ቅቤ ተቀምጦ ወደ ግንባሯ ይቀልጣል። አማቴ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋት የቀረውን በጣታቸው ከንፈሯ ላይ እየነኩ ይመርቃሉ። እሷም ጣታቸውን ትልሳለች። ባለቤቴ አጠገባቸው ቆሞ ፈገግ ብሎ ያያል።

በዚያ ቤት ልማድ ነው። የልጅ ልጅ ግቢውን መጀመሪያ ሲረግጥ ራሱ ቅቤ ይቀባል፣ ምላሱም ይነካል፤ ሕይወቱ እንዲለሰልስ። ባለቤቴም እንዲሁ ተቀብቷል፣ አባቱም፤ ለዚህም ይሆናል ሐኪሟ ያለችው በዚያች ሰዓት ትዝ ያላለው። አማቴ ይህን ቀን ከተወለደች ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋል። ላሟ እስክትወልድ፣ ቅቤው ለጋ እስኪሆን።

«እማማ! ወተት አይስማማትም ብለናል እኮ!»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ክፋት አይደለም፣ እልህም አይደለም፤ የምር ግራ ተጋብተዋል።

«ወተት መች ሰጠኋት? ቅቤ ወተት ነው እንዴ?»

ለእሳቸው ወተት የሚጠጣ ነገር ነው፤ ውሎ ካደረ የሚረጋ። ቅቤ ግን የሚቀባ ነው፣ ቁስል የሚያደርቅ፣ ራስ የሚያበርድ፣ ዓመት ተቀምጦ የማይበላሽ። እኛም «ወተት» ብለን ነው የነገርናቸው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የጾም እየበላሁ፣ ጾምን ከማንም በላይ ለሚያውቁት ሴት «ከላም የወጣ ፍስክ ሁሉ» የምትል አንዲት አባባል ማንም አላደረሳቸውም።

ልጄን ነጥቄ በቀሚሴ ጫፍ አፏን እጠርግ ጀመር። ጠርጌ ሳልጨርስ ግንባሯ ላይ፣ ቅቤው በፈሰሰበት ልክ፣ ቀይ እብጠት ተነሳ። ወዲያው ጉንጯ፣ አንገቷ፣ ደረቷ። ከንፈሯ ዓይኔ እያየ አበጠ። ሳለች፤ ሳሉ የሕፃን ሳል አይደለም፣ ጎርናና ነው። አስታወከች። ከዚያ ማልቀሷን አቆመች፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። ራሷ ክንዴ ላይ ወደ ኋላ ወደቀ፣ የከንፈሯ ዙሪያ ነጣ።

«ያ ዋቃዮ!» አሉ አማቴ። አምላኬ ሆይ ማለታቸው ነው። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

«አንተ ቆመህ ታያለህ?» ብዬ በባለቤቴ ላይ ጮኽኩና በባዶ እግሬ ወጣሁ። ጫማዬ ቧንቧው ጋ እንደቀረ ቀረ። ከግቢው እስከ አስፋልቱ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከማርያም በኩል የሚወርድ አንድ መኪና ፊት ለፊት መሀል መንገድ ላይ መቆሜን ነው። ፍሬኑ ጮኸ። ሾፌሩ ሊሳደብ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ የያዝኩትን አየና ስድቡን ዋጠው። ባለቤቴ ደርሶ ከኋላ ገባ። ቁልቁለቱን ሙሉ «ተንፍሺ፣ ተንፍሺ የኔ እናት» እላለሁ፤ የምጮኸው ግን ለእሷ ይሁን ለእግዜር አላውቅም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲስተሯ ልጄን ከእጄ ወሰደቻት። «ምን ቀመሰች?» አለች። «ቅቤ» ስል አልተገረመችም፣ አልጠየቀችም፤ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት። አድሬናሊን ነው አሉኝ በኋላ። ልጄ ጸጥ ብላ ቆየች። ከዚያ ደረቷ ከፍ አለ፣ ከዚያ አለቀሰች። በሕይወቴ ስለ ለቅሶ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አደጋው ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ሆስፒታል ሄዳ ክትትል ይደረግላት አሉ። አምቡላንሱን ስንጠብቅ አማቴ ደረሱ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግራቸው ሮጠው ነው የወረዱት፤ አንድ እግራቸው ላይ የራሳቸው ጫማ፣ ሌላው ላይ የእኔ። በር ላይ ቆሙ። ልጅቷ ስታለቅስ ሰምተው ሊገቡ አንድ እግራቸውን ሲያነሱ፣ ሲስተሯ «እናቴ፣ ቅቤ የነካ እጅ እንዳይነካት» አለቻቸው። በክፋት አላለችም፤ ሥራዋ ነው። አማቴ ግን እጃቸውን አዩት። መዳፋቸው ገና ያብረቀርቅ ነበር። ቀስ ብለው ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት። ከራስ እስከ እግራቸው ይንቀጠቀጣሉ። እኔ እንደዚያ የደነገጠ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ደንጋጣዋ እኔ።

ልጄ በማግስቱ ተሽሏት ወደ ቤት ተመለስን። ሐኪማችን እንዳስረዳችን ቅቤው ውስጥ፣ በተለይ በቤት የተናጠ ለጋ ቅቤ ውስጥ፣ የወተቱ ፕሮቲን ይቀራል፤ እንደሷ ላለች ልጅ ያ ይበቃል። በቆዳዋ ስንጥቅ በኩልም፣ ቅቤ በተቀባ እጅና ፀጉር ንክኪም ሊያስቆጣት ይችላል። አብዛኞቹ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል፣ ጊዜው ደርሶ እንደሆነ የምንሞክረውም ሆስፒታል ውስጥ፣ እኔ ባለሁበት ነው አለች። ይህን ሁሉ ባለቤቴ ለእናቱ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። አሁን ቃል አላጎደለም። ምነው ጥቂት ባጎደለ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ከዚያ በኋላ አማቴ ልጅቷን አልነኳትም።

ይመጣሉ፤ መምጣቱንስ አልተዉም። በሩ አጠገብ፣ ዱካ ላይ፣ ሁለት እጃቸውን ነጠላ ውስጥ ቀብረው ይቀመጣሉ። ልጄ መዳህ ስትጀምር መጀመሪያ የዳኸችው ወደ እሳቸው ነው። እግራቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ተለጠፉ። «ውሰጂያት! ውሰጂያት የኔ ልጅ!» እጅዎን በሳሙና ከታጠቡ ምንም አይሆንም አልናቸው። ሐኪሟም በስልክ ነገረቻቸው። «እሺ» ይላሉ፤ እጃቸው ግን አይወጣም። ልጄ ቀሚሳቸውን ይዛ ስትቆም፣ ከላይ ሆነው ያዩዋታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መቼም የሚያወሯት ነገር አይጠፋም። አንስተው አያቅፏትም።

ስንት ነገር ሞከርን። ባለቤቴ ለመናቸው፣ ተቆጣቸው፣ አንድ ቀንም አለቀሰ። እኔ እናቴን አንዴ ቀብሬያለሁ። አሁን ደግሞ ልጄ አያቷን፣ በሕይወት እያሉ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ልታጣቸው ነው እያልኩ እቃጠላለሁ። በቅቤው ታዝቤያቸው አላውቅም። ያን በር አጠገብ ያለ ዱካ ግን ባቃጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

ዓመቱ ዞሮ ሁዳዴ ገባ። እኔ የጾሜን እየበላሁ ነው፤ ልጄ አሁንም ትጠባለች። አማቴ ግንባራቸውን አስረው ይመጣሉ፣ ራስ ምታታቸው ተነስቷል፣ ያው እንደ ወትሮው። ፋሲካ ደረሰ። በበዓሉ ማግስት ጠዋት በር ተንኳኳ።

አማቴ ናቸው። ሰላምታውን በአጭሩ ጨርሰው፣ ዱካቸው ላይ አልተቀመጡም። ሻሻቸውን ፈቱና በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ፣ እኔ ምን እያደረጉ እንደሆነ ሳይገባኝ፣ ራሳቸውን ወደ እኔ ዝቅ አደረጉ።

«አሽትቺኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«አሽትቺኝ አልኩሽ። ቅቤ ይሸታል?»

ደርቄ ቀረሁ። አማት ለምራቷ ራሷን አትደፋም፤ በእሳቸው ቤት አይደለም፣ በማንም ቤት። ግን አጎንብሰው ይጠብቃሉ። ጠጋ አልኩ። ፀጉራቸው ደረቅ ነበር፤ ሽበቱ ሳር መስሎ ቆሟል። ሳሙና ይሸታል። ጾሙ ተፈትቶ፣ አገሩ ሁሉ ራሱን ቀብቶ፣ የእሳቸው ራስ ገና ይጾም ነበር።

«አይሸትም» አልኩ።

«ከገና ጀምሮ አልቀባሁም። ልብሴንም በሙሉ አጥቤዋለሁ። ላሟን ጎረቤቴ ነች የምታልባት፣ ወተቱንም እሷው ትውሰደው ብያለሁ።» ቀና አሉ። «እጄንም አሽትቺ።»

ከነጠላው ውስጥ እጃቸውን አወጡ። ካየሁት ዓመት ሊሞላው ነው። በሳሙና ብዛት ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፣ የልጄ ጉንጭ ያኔ እንደነበረው። አላሸተትኩትም። ይዤ ሳምኩት።

ልጄ ከመኝታ ቤት እየተንገዳገደች መጣች፤ መራመድ ከጀመረች ሰንብታለች። እንደ ልማዷ ቀሚሳቸውን ያዘች። አማቴ እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ጎንበስ ብለው በብብቷ ይዘው አነሷት። እሷ ወዲያው ሁለት እጇን ያን ደረቅ ፀጉር ውስጥ ከትታ በኃይል ጎተተችው።

«ራስዎንስ አያምዎትም?» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«ያመኛል እንጂ፤ ይፈልጠኛል» አሉ፣ ጉንጯ ላይ ጉንጫቸውን አስደግፈው። «ይፍለጠኝ።»

ዱካውን አንስቼ ማእድ ቤት አስገባሁት። እሳቸውም ልጅቷን እንደታቀፉ ሶፋው ላይ ተቀመጡ።